ጠመንጃው ነው ወይስ እኔ? ዒላማ ላይ ስህተት ከየት ይመጣል

መቶ ሜትር ርቀት ላይ በተሰቀለ ወረቀት አሥር ጥይት ተኮስኩ። ቀዳዳዎቹ በቡና ሲኒ አፍ ልክ ተበታተኑ። ከቦርሳዬ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ከሦስት ወር በፊት በአሮጌው በርሜል የተኮስኩበት ነው። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ልዩነት የላቸውም። በመሃል አዲስ በርሜል አስገጥሜ ነበር። ዋጋው ደግሞ ቀላል አልነበረም።

እዚህ አሜሪካ በምሄድበት የዒላማ ተኩስ ክለብ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከኋላዬ ቆመው ወረቀቶቹን ሲያዩ ቆዩ። «ፈቃድህ ከሆነ እኔ ልሞክረው» አሉኝ። ተነሣሁላቸው። በዚያው ጠመንጃ፣ በዚያው ጥይት አሥር ጊዜ ተኮሱ። ቀረብ ብለን ስናይ ቀዳዳዎቹ ሁሉ አንድ ብር ሳንቲም ሊሸፍናቸው ምንም አልቀረውም። «ጠመንጃህ ደህና ነው» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ሌላ ምንም አላሉም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ነው ዛሬ የምጽፈው። ትክክለኛነትን ለማሻሻል ሦስት መንገድ አለ፦ ዕቃ መቀየር፣ ጥይትን በእጅ አዘጋጅቶ መሙላት፣ የራስን ችሎታ ማሳደግ። ሦስቱም እውነተኛ ናቸው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ከቀላሉ እንጀምራለን። ቀላሉ ደግሞ መግዛት ነው።

ስህተት ሲደመር

መጀመሪያ መለኪያውን እንያዝ። ዒላማ ተኳሾች የቀዳዳዎቹን ስርጭት የሚለኩት በማዕዘን ነው። አንድ ዲግሪ ለ60 ይከፈላል፤ አንዷ ክፋይ ደቂቃ ትባላለች። አንድ ደቂቃ 100 ሜትር ላይ 29 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ በሉት። 300 ሜትር ላይ 87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ ሲጨምር ስፋቱ ይጨምራል፤ ማዕዘኑ ግን ያው ነው። ለዚህ ነው «ጠመንጃዬ የአንድ ደቂቃ ጠመንጃ ነው» ሲባል የምትሰሙት።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጠመንጃውና ጥይቱ ብቻቸውን 1 ደቂቃ ያህል ይበትናሉ እንበል። እናንተ ደግሞ በአያያዛችሁና በምላጭ አሳሳባችሁ 3 ደቂቃ ትበትናላችሁ። ድምሩ 4 ይመስላል። አይደለም። 3.16 ነው።

ለምን? ሁለቱ ስህተቶች ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማይሄዱ። ጠመንጃው ወደ ግራ ሲስት እናንተ ወደ ቀኝ ትስታላችሁ፤ አንዱ የሌላውን ይቀንሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ የሚደመሩት ትምህርት ቤት እንደተማርነው እንደ ፓይታጎረስ ሦስት ማዕዘን ነው። እያንዳንዱን በራሱ ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ የካሬ ሥሩን ታወጣላችሁ።

ይህ ትንሽ ሒሳብ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ጥሩ በርሜል ገዝታችሁ የጠመንጃውን ስርጭት በግማሽ ቀነሳችሁ እንበል። ከ1 ወደ 0.5 ወረደ። ድምሩ ስንት ሆነ? 3.04። ወረቀቱ ላይ ይህን ልዩነት በዓይን አታዩትም። በእኔ ላይ የደረሰው ልክ ይኸው ነው። አሁን ጠመንጃውን ሳትነኩ የራሳችሁን ከ3 ወደ 2 አውርዱት። ድምሩ 2.24 ይሆናል። ይህ ከሩቅ ይታያል።

ትልቁ ስህተት ትንንሾቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ዕቃ ጥሩ ነው?» አይደለም። «አሁን ትልቁ ስህተቴ የቱ ነው?» ነው። መልሱ ደግሞ ከሰው ሰው፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። እነዚያ ሽማግሌ ከእኔ በብዙ እጥፍ ይሻላሉ። ለእሳቸው የበርሜሉ ግማሽ ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ያኔ ምንም አልነበረም።

የሰውን ስህተት ከጠመንጃው ለይቶ ማየት አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860 እንግሊዝ ውስጥ ዊምብልደን ላይ የጠመንጃ ውድድር ሲከፈት የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሱት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ጠመንጃው በብረት ማቀፊያ ላይ ታስሮ 400 ያርድ ርቀት ላይ ወዳለ ዒላማ ተነጣጥሮ ነበር። ንግሥቲቱ የሐር ገመድ ብቻ ሳቡ። አረሩ ከመሃል ነጥቡ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ አረፈ። ማለት ጠመንጃው ይችላል። የቀረው ሰው ነው።

ሦስት ጥይት አያስተማምንም

ትልቁን ስህተት ለማግኘት በትክክል መለካት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሦስት ጥይት ይተኩሳል፣ ሦስቱ ቀዳዳ ይነካካሉ፣ ፎቶ ያነሣል፣ ጠመንጃው እንከን የለውም ይላል።

ሦስት ጥይት ግን ምንም አይነግራችሁም ማለት ይቻላል። በአማካይ በሦስት ጥይት 24 ሚሊ ሜትር የሚበትን ጠመንጃ፣ በአምስት ጥይት ወደ 31፣ በአሥር ጥይት ወደ 38 ሚሊ ሜትር ይበትናል። ጠመንጃው አልተበላሸም። ተኳሹም አልደከመም። ብዙ በተኮሳችሁ ቁጥር ዳር ላይ የሚያርፈው የመገኘት ዕድሉ ስለሚጨምር ብቻ ነው። የሳንቲም ዕጣ እንደ መጣል ነው፤ ሦስት ጊዜ ጥላችሁ ሦስቴ አንበሳ ቢወጣ ሳንቲሙ ሁለት ፊት አንበሳ ነው አትሉም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጥይት ስታወዳድሩ ከእያንዳንዱ ቢያንስ አሥር ተኩሱ። ሃያ ቢሆን ይሻላል። አንዷ ቀዳዳ ራቅ ብላ ካረፈች ደግሞ «እሷ አትቆጠርም» አትበሉ። አትቆጠርም የምትሉት በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ወረቀቱን ከማየታችሁ በፊት፣ ምላጩን እንደሳባችሁ ወዲያው «ይህች ወደ ቀኝ ሄዳለች» ብላችሁ ከነበረ። አይታችሁ ከሆነ ያልተቀበላችኋት፣ ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው።

አጥንት ይሸከም፣ ጡንቻ ይረፍ

ወደ ችሎታው እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው በነጻ ሊያሻሽለው የሚችለው ይህንን ስለሆነ።

በኦሎምፒክ 10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የመሃሏ አሥር ነጥብ ስፋት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ያደረጋችኋት ነጥብ በሏት። ተኳሹ ቆሞ፣ ክርኑን ከራሱ ሰውነት በቀር ምንም ላይ ሳያስደግፍ፣ በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ይተኩሳል። ይህን የሚያደርጉት ጡንቻቸው የፈረጠመ ሰዎች አይደሉም። ጠመንጃውን በአጥንታቸው የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው። ክርን ከዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል፣ እጅ ከሥር ምሰሶ ይሆናል፣ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ እግር ይወርዳል። ጡንቻ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል። አጥንት አይደክምም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝን አንድ ልምምድ ላሳያችሁ። ተኝታችሁ ወደ ዒላማው አነጣጥሩ። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሁለቴ በረጅሙ ተንፍሱ። ትከሻችሁን፣ አንገታችሁን፣ እጃችሁን ልቀቁት። ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። ማነጣጠሪያው አሁን የት ነው ያለው? ከዒላማው በስተግራ ከሆነ፣ ሰውነታችሁ መተኮስ የሚፈልገው ወደዚያ ነው። እስካሁን መሃል ላይ የቆየው እናንተ በጡንቻ እየጎተታችሁት ስለነበር ነው። ምላጩን ስትስቡ ጡንቻው ላፍታ ይለቃል፤ አፈሙዙም ወደሚፈልገው ይሄዳል።

ታዲያ እጃችሁን አታዙሩ። የግራ ክርናችሁን እንደ ማጠፊያ አድርጋችሁ ሆዳችሁንና እግራችሁን ትንሽ አንቀሳቅሱ። እንደገና ጨፍኑ፣ ተንፍሱ፣ ግለጡ። ዓይናችሁን ስትገልጡ ማነጣጠሪያው ራሱ መሃል ላይ ተቀምጦ እስክታገኙት ድረስ ደጋግሙት። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል። ሲለመድ አሥር ሰከንድ ነው።

አተነፋፈስ ቀላል ነው። አየር ታወጣላችሁ፣ ቀጣዩን ከመሳባችሁ በፊት ባለችው ተፈጥሯዊ ፋታ ትተኩሳላችሁ። ከስምንት ወይም ከአሥር ሰከንድ በላይ ከቆያችሁ ተዉት፤ እንደገና ጀምሩ። አየር ሲያጥር መጀመሪያ የሚደክመው ዓይን ነው።

ምላጭ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሽማግሌው አንድ ቀን «ዛሬ ጥይት የማጎርስልህ እኔ ነኝ፤ አንተ አትይ» አሉኝ። አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ያስገባሉ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ሳብኩ። ጥይቱ የልምምድ ነበር። ድምፅ የለም፣ ግፊት የለም። አፈሙዙ ግን ወደ ታች ደፋ አለ። በግልጽ አየሁት። ጆሮዬ ድምፁን፣ ትከሻዬ ግፊቱን እየጠበቁ ከጥይቱ ቀድመው ይሸማቀቁ ነበር። እውነተኛ ጥይት ሲሆን ግፊቱ ይሸፍነዋል፤ አይታይም። ሲኒ የሚያህለው ስርጭት በአብዛኛው ከዚህ ነበር የመጣው።

መድኃኒቱ ባዶ ተኩስ ነው። ቤት ውስጥ፣ ጥይት በሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ታይቶ፣ ግድግዳ ላይ ነጥብ አድርጎ ምላጭ መሳብ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ። ጣታችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ወደ ጎን አይግፋ። ማነጣጠሪያው ምላጩ ሲለቀቅ ከነጥቡ ንቅንቅ ካላለ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። በነገራችን ላይ በአንዳንድ ትንንሽ ባለ .22 (የበርሜሉ ቀዳዳ 0.22 ኢንች ገደማ የሆነ) ጠመንጃዎች ባዶ መተኮስ መምቻውን ይጎዳል፤ የአምራቹን መመሪያ እዩ።

ከተኮሳችሁ በኋላም አትነሡ። ለአንድ ሰከንድ እንደነበራችሁ ቆዩ። አረሩ ከበርሜሉ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። በትልቅ ጠመንጃ ይህ የሰከንድ አንድ ሺኛ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። በአየር ጠመንጃ ግን አረሩ በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ በርሜሉ ውስጥ የሚቆየው ከዚያ በብዙ እጥፍ ነው። ቸኩሎ ቀና የሚል ሰው አረሩ ገና በርሜል ውስጥ እያለ ጠመንጃውን ያንቀሳቅሰዋል። የአየር ጠመንጃ ጥሩ አስተማሪ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ችሎታ ከየትም ሊጀምር እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ሉና ሰለሞንን እጠቅሳለሁ። ኤርትራ ተወልዳ በስደት ስዊዘርላንድ የገባች ወጣት ናት። ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ጣሊያናዊው ኒኮሎ ካምፕሪያኒ ሎዛን ከተማ ውስጥ ስፖርቱን ጭራሽ የማያውቁ ስደተኞችን ሰብስቦ ከዜሮ ማሠልጠን ጀመረ። ሉና አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ውስጥ ሆና በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተወዳደረች። ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የወሰደባት። እዚያ ያደረሳት ሥልጠናና ትዕግሥት ነው።

ዕቃው የሚያግዘው የት ላይ ነው?

ይህን ሁሉ ስል ዕቃ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከዕቃ ሁሉ የሚበልጠው በርሜሉ ነው። ውስጡ ላይ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን ያሽከረክረዋል፤ እንዝርት ስትሽከረከር ቀጥ ብላ እንደምትቆመው ሁሉ አረሩም አየር ላይ አይገላበጥም። ረጅምና ከባድ አረር ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። በርሜሉና አረሩ ካልተስማሙ ምንም ብታደርጉ አይሆንም። የአፈሙዙ ጠርዝም እንዲሁ ነው፦ አንዲት ትንሽ ጭረት ካለችበት አረሩ ሲወጣ ጋዙ በአንድ በኩል ቀድሞ ይወጣና ይገፋዋል።

ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከዚህ ይቀላል። የላላ ብሎን ነው። የማነጣጠሪያውን መነጽር የያዙት ብሎኖች፣ ብረቱን ከሰደፉ፣ ማለትም ከእንጨቱ አካል ጋር ያሰሩት ብሎኖች። «ጠመንጃዬ ድንገት ተበላሸ» ብሎ የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ መፍቻ አምጡለት።

ሌላ በነጻ የምትፈትሹት ነገር አለ። አንድ የብር ኖት አጥፉና በበርሜሉና በሰደፉ መካከል አስገቡት። ከጫፍ ጀምሮ ወደ ኋላ ጎትቱት። ሳይያዝ ከሄደ በርሜሉ ነጻ ነው። መንገድ ላይ ከተያዘ እንጨቱ በርሜሉን እየነካው ነው። በርሜል ሲተኮስ እንደ ክራር አውታር ይርገበገባል። አውታሩን በጣት ነካ ብታደርጉት ድምፁ ይለወጣል። ሰደፉ አንዴ ሲነካው፣ አንዴ ሳይነካው፣ እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥ በርሜሉ በየጊዜው ሌላ ድምፅ ያወጣል፤ አረሩም ሌላ ቦታ ያርፋል።

መነጽር ላይ አልቆይም። የማጉላት አቅሙ ሳይሆን እንደተስተካከለ መቆየቱ ነው ዋናው። ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታንቀሳቅሱ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀል ዒላማው ላይ የሚንሸራሸር ከሆነ የርቀት ማስተካከያውን አዙሩ። ጉንጫችሁ ደግሞ በየጊዜው ሰደፉ ላይ አንድ ቦታ እንዲያርፍ አድርጉ።

ጥይትን በእጅ መሙላት

አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ «ግራ» (Gras) ጠመንጃ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት በገበያችን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዛሬ በዒላማ ስፖርት ዓለም ባዶ ቀለህ የማይጣል ዕቃ ነው። ቀለሁ ከጥይት ክፍሎች ሁሉ ውዱ ሲሆን ደጋግሞ ሊሠራ ይችላል።

ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከሥር የምትመታዋ ትንሽ መለኮሻ፣ እና አረሩ። በእጅ የሚሞላ ሰው የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዳል፣ በመጭመቂያ ቅርጹን ያስተካክላል፣ ርዝመቱን ይከረክማል፣ አዲስ መለኮሻ ያስገባል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምራል፣ አረሩን በልኩ ይተክላል። ዓላማው ጥይቱን ኃይለኛ ማድረግ አይደለም። አንዱን ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። የቀለህ አንገት አረሩን የሚይዝበት ጥብቀት፣ የባሩዱ ክብደት፣ አረሩ ወደ ቦዩ የሚቀርበው ርቀት እኩል ሲሆኑ ፍጥነቱም እኩል ይሆናል።

ይህ ምን ያህል ይጠቅማል? በርቀቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለት ጥይቶች በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይወጣሉ እንበል። አንደኛው ግን በ6 ሜትር ይዘገያል። ከ1 በመቶ ያነሰ ልዩነት ነው። 100 ሜትር ላይ የሚዘገየው ዝቅ ብሎ የሚያርፈው በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማንም አያየውም። በ1,000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር ላይ ግን በግርድፉ ሲሰላ ልዩነቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ርቀት በአሜሪካ የኤፍ ክላስ ውድድር (ተኝቶ፣ ጠመንጃን አስደግፎ ከሩቅ የሚተኮስበት ነው) አሥር ነጥብ የሚያስገኘው ቀለበት ወርድ 25.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመሃል እስከ ጠርዙ 12.7 ማለት ነው። ያቺ ትንሽ መዘግየት ብቻዋን ከአሥር ታስወጣችኋለች።

ስለዚህ 100 ሜትር ላይ ብቻ የምትተኩሱ ከሆነ ባሩድን በሚሊ ግራም እየመዘኑ ማደር ብዙ አይሰጣችሁም። ሩቅ ለሚተኩስ ሰው ግን ግዴታ ነው። በ.22 የ50 ሜትር ውድድር ደግሞ ጥይቱ በእጅ ስለማይሞላ ተኳሾች ሌላ ዘዴ አላቸው። እንግሊዝ በርሚንግሃም ያለው ኤሊ (Eley) የተባለው ጥይት አምራች፣ ሌላው አምራች ላፑዋም (Lapua) ጀርመን ሾኔቤክ ውስጥ ባለው የሙከራ ማዕከሉ፣ የተኳሹን ጠመንጃ አስረው ከተለያየ ዙር የተመረተ ጥይት ይተኩሱበታል። ለዚያ በርሜል የተስማማው ዙር ይመረጥና በብዛት ይገዛል። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ስም ሆኖ እንኳ ዙሩ ይለያያል።

አሁን የማልደብቀውን ልንገራችሁ። አንድ ማታ ባሩድ እየሞላሁ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እያወራሁ ቀጠልኩ። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ምላጩን ስስብ በተለመደው ድምፅ ፈንታ «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ። እጄ ያለ ሐሳብ ቀጣዩን ሊያጎርስ ሄደ። ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። ጠመንጃውን አውርደን፣ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠን፣ ዘንግ በበርሜሉ ሰደድን። መንገድ ላይ ቆመ። አንድ ቀለህ ባሩድ ሳይሞላ አልፎኝ ነበር፤ መለኮሻዋ ብቻዋን አረሩን በርሜሉ መግቢያ ላይ ሰንቅራዋለች። ከኋላው ሌላ ጥይት ተኩሼ ቢሆን በርሜሉ ፊቴ ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር። እጄ ቤት እስክደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሌላ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኖራል። አረር ከመትከሌ በፊት ሃምሳውንም ቀለህ በትሪው ላይ ደርድሬ በባትሪ ብርሃን አያለሁ፤ ባዶ አለ ወይ፣ ሁለቴ የተሞላ አለ ወይ። መጠኑን ደግሞ ከሰው ወሬ አልወስድም። የባሩዱ አምራች ካሳተመው መመሪያ ነው የምወስደው፤ ከታችኛው መጠን እጀምራለሁ፤ ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። ሕጉም በየአገሩ ስለሚለያይ፣ ጠመንጃ መያዝም ሆነ ጥይት መሙላት ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

ነፋስ

ሩቅ ለሚተኩስ ሰው ከሁሉም የሚከፋው ነፋስ ነው። ያው 1,000 ያርድ ላይ በተለመደ ባለ .308 ጥይት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ አረሩን ከ2 ሜትር በላይ ይወስደዋል። ይህን ታስተካክላላችሁ። ግን ግምታችሁ በሰዓት በ1.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ ፊት ላይ እንኳ የማይሰማ ልዩነት ነው፣ አረሩ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይርቃል። የአሥር ቀለበቱ ጠርዝ 12.7 ላይ እንደነበር አስታውሱ። በፊት በሒሳብ ያየነው እዚህም ይሠራል። ባሩዱን የቱንም ያህል ብታጣሩት ነፋሱን ማንበብ ካልቻላችሁ ነፋሱ ሁሉንም ይውጠዋል።

ነፋስ የሚነበበው በባንዲራ፣ በሣር፣ እና ሙቀት ከመሬት ሲነሣ በሚታየው ውልብልብታ ነው። በመነጽር አጉልታችሁ ስታዩት በረጋ አየር ቀጥ ብሎ እንደ ፈላ ውሃ ይወጣል። ነፋስ ሲመጣ ያጋድላል። ሲበረታ እንደ ወንዝ ተኝቶ ይፈሳል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ባንዲራ ብቻ ነበር የማየው። ሽማግሌው አንድ ሙሉ ጠዋት ሳያስተኩሱኝ ውልብልብታውን ብቻ እያየሁ በደብተር እንድጽፍ አደረጉኝ። ከተኮስኩባቸው ብዙ ቀናት ሁሉ የዚያ ጠዋት ደብተር ይበልጥ ያስተማረኝ ይመስለኛል።

አቴንስ፣ 2004

አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ ከአቴንስ ኦሎምፒክ ጥቂት ወራት በፊት ጠመንጃውን ሰው ነካክቶ አበላሽቶት አገኘ። የቀድሞ የኮሌጅ ጓደኛው የነበረች ተኳሽ የራሷን አዋሰችው። በተዋሰው ጠመንጃ በ50 ሜትር ተኝቶ በሚተኮሰው ውድድር ወርቅ ወሰደ።

ከሁለት ቀን በኋላ የሦስት አቋም ውድድር ፍጻሜ ነበር። ተንበርክኮ፣ ተኝቶ፣ ቆሞ የሚተኮሰው። ኤመንስ በ3 ነጥብ ይመራል። አንድ ጥይት ብቻ ቀርቶታል፤ መካከለኛ ውጤት ይበቃው ነበር። አነጣጠረ፣ ተኮሰ። የውጤት ሰሌዳው ምንም አላሳየም። ጥይቷ መትታለች፤ ግን የጎረቤቱን ዒላማ። ሁለተኛ መስመር ላይ ቆሞ ሦስተኛው ላይ ነበር የተኮሰው። ዜሮ ተሰጠው፤ ስምንተኛ ወጣ። ወርቁ ለቻይናዊው ጂያ ዣንቦ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤይጂንግ ላይም በዚያው ውድድር እየመራ በመጨረሻዋ ጥይት 4.4 ነጥብ ብቻ አገኘ፤ አራተኛ ሆነ። ኤመንስ ግን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በዚሁ ውድድር ነሐስ አገኘ።

እኛ ክለብ ዒላማዎቹ ከሥራቸው ትልልቅ ቁጥር አላቸው። ሽማግሌው ተኳሽ ሁሉ ጥይት ከማጉረሱ በፊት ቁጥሩን ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ለልጆች የሚሰጥ ትእዛዝ መስሎኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ስተኩስም አደርገዋለሁ። የምቆምበትን መስመር አያለሁ፣ ቀና ብዬ ዒላማውን አያለሁ፣ «ሰባት» እላለሁ፣ ከዚያ አቀባብላለሁ።